መካከል ላይ የቆምኩበት በጋ

መጀመሪያ የሚሰማው ውሃው ነው። የመታጠቢያ ቤቱ ቧንቧ እስከ መጨረሻው ይከፈትና ገንዳው ውስጥ ይንዠቀዠቃል። ቀጥሎ የበሩ መቀርቀሪያ ቀጭ ይላል። ከዚያ ከውሃው ድምፅ ሥር፣ ምንጣፍ በዱላ ሲራገፍ የሚሰማ ዓይነት ድፍን ድምፅ ይመጣል፤ አንዴ፣ ትንሽ ዝም፣ ደግሞ አንዴ። እኔ ሳሎን ሶፋው ላይ እግሬን አጣጥፌ ካርቱን እያየሁ ነው። ሪሞቱን አንስቼ ድምፁን እጨምራለሁ። ዘጠኝ ዓመቴ ነው። አባቴ ለእናቴ ጀርባዋን እያጠበላት ይመስለኛል።

ይመስለኛል ማለቴ እንኳ ውሸት ነው። እንዲመስለኝ እፈልግ ነበር። ሁለቱ የተለያዩ መሆናቸው የገባኝ ካደግሁ በኋላ ነው።

ያ በጋ ካሊፎርኒያ ውሃ ያጣችበት በጋ ነበር፤ በፈረንጆቹ ሁለት ሺህ ዐሥራ አምስት። ከፒኮ ጎዳና ገባ ብሎ ያለው አፓርትመንታችን መግቢያ ላይ ሻወር ከአምስት ደቂቃ እንዳይበልጥ የሚል ወረቀት ተለጥፎ ነበር። የሰፈሩ ሣር ሁሉ ቢጫ ሆኗል። እኛ ቤት ግን ቧንቧው አንዳንድ ቀን ግማሽ ሰዓት ይፈሳል። ከእኛ በታች ባለው ፎቅ የምትኖረው ፀጉሯ የነጣ አሮጊት ሁለት ጊዜ መጥታ በራችንን አንኳኳች። አባቴ ግሩም ሁለቱንም ጊዜ በፈገግታ ከፈተላት። እጅጌው እስከ ክርኑ ርሷል።

"ሶሪ፣ ሶሪ ማዳም። የልጁን ገላ እያጠብኩ ነው" አላት በተሰባበረ እንግሊዝኛ፣ ወደ እኔ እየጠቆመ።

እኔ ደረቅ ነኝ። ፀጉሬም ደረቅ ነው። እጄን አንስቼ ሰላም አልኳት። ረጅም ጊዜ አየችኝ።

የአባቴ እጆች በሰፈራችን የታወቁ ነበሩ። በሳምንቱ ቀናት ፌርፋክስ አካባቢ ባለ አንድ ጋራዥ ውስጥ የሰው መኪና ፓርክ ያደርጋል። እሑድ ግን የቤተ ክርስቲያናችን ኪቦርድ ተጫዋች ነው። የራሳችን ሕንፃ የለንም። አሜሪካኖቹ የጠዋቱን ጨርሰው ሲወጡ እኛ ከሰዓት በኋላ በኪራይ እንገባለን፤ ወንበሩ ገና ሙቀታቸው አልለቀቀውም። አባቴ መጫወት ሲጀምር ሰው ሁሉ ያለቅሳል። "የግሩም ጣቶች እኮ የተቀቡ ናቸው" ይላሉ እናቶች። እናቴ ወርቅውሃ መጨረሻው ረድፍ ተቀምጣ ትሰማለች። በዚያ ሐሩር ረጅም እጅጌ ትለብሳለች፤ ስካርፏን እስከ አገጯ ትስባለች። ጌታን ማክበሯ ይመስለኝ ነበር።

እኛን ልጆች ምድር ቤቱ ውስጥ አቢጋኤል ታስተምረናለች። ኮሌጅ የጀመረች፣ ስትናገር እጆቿ የማያርፉ ልጅ ነበረች።

"ኦኬ፣ ዛሬ ስለ መካከለኛ ነው የምንማረው" አለች አንድ እሑድ። "ጳውሎስ፣ ጥቅሱን የጻፈው ሞክሼህ ነው፣ ሶ አንተ ና ወደ ፊት። ሐና፣ አንቺ ግድግዳው ጋ ቁሚ። አንቺ እግዚአብሔር ነሽ።"

"እኔ? ኦ ማይ ጋድ!" አለች ሐና።

"ክርስቲያን፣ አንተ በሩ ጋ። አንተ ሰው ነህ። ኃጢአት ሠርተህ ተጣልታችኋል፤ ፊት ለፊት መተያየት አትችሉም።"

"ምን አደረግኳት?" አለ ክርስቲያን። ሁላችንም ሳቅን።

እኔ መሐል ቆምኩ። በአንድ እጄ ሐናን፣ በሌላው ክርስቲያንን እንድይዝ አዘዘችኝ። ክፍሉ ሰፊ ስለነበር አልደረስኩም፤ እነሱ ደግሞ ከቦታቸው እንዳይነቃነቁ ተነግሯቸው ስለነበር ጎተቱኝ። ትከሻዬ ሊገነጠል ደረሰ። እንባዬ መጣ። አልለቀቅኩም።

"አያችሁ?" አለች አቢጋኤል። "በእግዚአብሔርና በሰው መካከል የቆመው ማለት ይሄ ነው። ሁለቱን የሚያገናኘው በገዛ ሥጋው ነው። ያመዋል፤ ግን አይለቅም።"

ልጆቹ አጨበጨቡ። ከዚያ ሌላ ነገር ተናገረች፤ እኔ አልሰማኋትም። ጭብጨባው ጆሮዬን ሞልቶት ነበር። በሕይወቴ ያን ያህል ሰው አጨብጭቦልኝ አያውቅም።

ያልሰማሁት የትምህርቱን ግማሽ ነበር። አምና አቢጋኤልን ፌርፋክስ ላይ አግኝቻት ጠየቅኳት። አሁን ሁለት ልጆች አሏት። "እዚያ ቦታ ሊቆም የሚችል አንድ ብቻ ነው፤ ሌላ ሰው አይችልም፤ ጳውሎስም አይችልም፤ ስለዚህ ና ተቀመጥ ነው ያልኩህ" አለችኝ። "ትዝ ይለኛል፤ ቆመህ ቀረህ።"

በዚያው ሳምንት ማክሰኞ ጋሼ ለይኩን ቤታችን መጡ። የቤተ ክርስቲያኑ ሽማግሌ ናቸው፤ ሰባ ዓመት አልፏቸዋል፤ በዚያ ሙቀት ኮትና ክራቫት አይለያቸውም። እናቴ በፌርፋክስ የሚኖሩ አንድ አሜሪካዊ አዛውንት ቤታቸው እየሄደች ትንከባከብ ነበር፤ እያጠበች፣ እያበላች። ያን ሰሞን ሦስት ቀን ከሥራ ቀርታ ነበር። የግራ ዓይኗ የበሰለ ቲማቲም መስሎ አብጧል። አንዲት የቤተ ክርስቲያን እህት ደውላ ሳትሰማ አልቀረችም፤ ወሬው ጋሼ ዘንድ ደረሰ።

ጋሼ ጫማቸውን በር ላይ አወለቁ። ጎን ለጎን ደርድረው፣ የጫማውን አፍንጫ ወደ ውጭ አዞሩት። "ቶሎ ልወጣ ነው። ከእርቁ በፊት ውሃም አልቀምስ" አሉ እየሳቁ። አባቴ በረንዳ ላይ ነው፤ እናቴ መኝታ ቤት። አንድ ክፍል ውስጥ አይቀመጡም። ጋሼ ሶፋው ላይ፣ እኔ ከጎናቸው።

"ጳውሎስ፣ ጉልበቴ አላስነሳ አለኝ። ሂድና እናትህን ምን ትያለሽ በላት።"

እናቴ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጣ የቀዘቀዘ አተር ከነፌስታሉ ዓይኗ ላይ ይዛለች። "በላቸው" አለች፤ "ድጋሚ እጁን ቢያነሳብኝ ፖሊስ እጠራለሁ ብላለች በላቸው።"

ተመልሼ ነገርኳቸው። ጋሼ ዓይናቸውን ጨፈኑ። "አሁን ወደ አባትህ ሂድና፣ ደክሞኛል፣ ይዘንልኝ ትልሃለች በለው።"

"እንደዚያ አላለችም ጋሼ።"

"አውቃለሁ ልጄ። አስታራቂ ያለችውን አይደለም የሚያደርሰው። ልትል የሚገባትን ነው።"

በረንዳ ላይ አባቴ ሲጋራ እንደሚያጨስ ሰው ሁለት ጣቱን ከንፈሩ ላይ አድርጎ ቆሟል፤ ሲጋራ ግን አያጨስም። የተላክሁትን ነገርኩት። "እግሬ ላይ ወድቃ ይቅርታ ትጠይቅ፤ ያለዚያ አጥንቷን ነው የምሰብረው በላቸው" አለኝ። ያን ለጋሼ አደረስኩ። ጋሼ ደግሞ ለእናቴ "ተጸጽቷል" ብለው ላኩኝ። ስድስት ጊዜ ሳልመላለስ አልቀረሁም። በመጨረሻ ሁለቱም ሳሎን መጡ፤ ጋሼ እጃቸውን አያይዘው ጸለዩ። እናቴ ባልታመመው ዓይኗ ግድግዳውን ታያለች። ከጸሎቱ በኋላ ጋሼ መዳፋቸውን ራሴ ላይ አሳረፉ።

"ይሄ ልጅ ዛሬ ምን እንደሠራ አያችሁ? አስታራቂ ነው!"

የዚያን ቀን ከፍ ከፍ ብዬ ነው የዋልኩት። በመስኮት ፒኮን እያየሁ፣ አውቶቡሱም፣ መኪናውም፣ ሰውም ሁሉ እንዳይጋጭ የያዝኩት እኔ መሰለኝ።

አሁን ሃያ ዓመቴ ነው። ብቻዬን በምኖርባት አንድ ክፍል ውስጥ ጆሮዬ ላይ ማዳመጫ ደፍቼ በስልክ አስተረጉማለሁ፤ ከሆስፒታል፣ ከፍርድ ቤት፣ ከትምህርት ቤት ይደውላሉ። የሥልጠናው የመጀመሪያ ቀን አስተማሪዋ ሦስት ቃል ሰሌዳው ላይ ጻፈች፦ አትጨምር፣ አትቀንስ፣ አታለዝብ። ተነሥቼ ወጣሁ። መጸዳጃ ቤት ገብቼ ቧንቧውን እስከ መጨረሻው ከፈትኩት፤ ሰው እንዳይሰማኝ።

እርቁ ሁለት ሳምንት ያዘ። ከዚያ አንድ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ውሃው ተከፈተ። በዚህኛው ቀን ግን አንድ ትልቅ ነገር ተሰበረ፤ እናቴ በሕይወቴ ሰምቼው የማላውቀውን ድምፅ አወጣች፤ ሰው ውሃ ውስጥ ሆኖ ሲጮህ የሚሰማ። ውሃው በበሩ ሥር እየተንሸራተተ ወጣና ምንጣፉን አጠቆረው። ቀይም ነበረበት። እግሬን ወደ ሶፋው ሰበሰብኩ። ውሃው የታችኛዋን አሮጊት ጣሪያ ሳይበሳ አልቀረም። ብዙ ሳይቆይ ሁለት ፖሊሶች መጡ።

እናቴ ፎጣ ጭንቅላቷ ላይ ይዛ ወጣች። ከንፈሯ ለሁለት ተሰንጥቋል። አባቴ እጁን እያደረቀ ወጣ። አንደኛው ፖሊስ አባቴን ወደ ማድ ቤት ወሰደው። ሌላው፣ ፊቱ የሕፃን ፊት የሚመስል፣ አማርኛ የሚችል ሰው በስልክ ፈለገ፤ ስልኩ ሙዚቃ ብቻ ይጫወታል። ብዙ ጠበቀ። በመጨረሻ ፊቴ ተንበረከከ።

"እንግሊዝኛ ትችላለህ?"

"ከአማርኛዬ ይሻላል" አልኩት። ሳቀ።

"እናትህን ምን እንደሆነች ጠይቅልኝ።"

ጠየቅኳት። እናቴ እኔን ሳይሆን እሱን እያየች ተናገረች። "ጭንቅላቴን ከገንዳው ጋር አጋጨው በለው። ከዚያ ውሃው ውስጥ ደፈቀኝ በለው። ልጄ አይስማ ብዬ ነው እስከ ዛሬ ዝም ያልኩት በለው። አስወጡልኝ በለው። አንድ ቀን ይገድለኛል በለው።"

ከማድ ቤት የአባቴ ትንፋሽ ይሰማኛል። በአንድ ጎን እሱ፣ በሌላው እሷ። ትከሻዬን አመመኝ፤ እውነቴን ነው፣ ልክ እንደዚያ እሑድ። ደስም አለኝ። ጊዜው ደረሰ ብዬ አሰብኩ። ልትል የሚገባትን አሰብኩ።

"ወደቀች" አልኩት በእንግሊዝኛ። "ገንዳው ያንሸራትታል። አባዬ ሊያነሳት ነው የገባው።"

ፖሊሱ ግንባሩን ቋጠረ። "ያን ሁሉ ተናግራ ይሄ ብቻ ነው?"

"አማርኛ ረጅም ነው" አልኩት።

እናቴ እንግሊዝኛ ብዙ አታውቅም ነበር። ያቺን አንዲት ቃል ግን ከማንም በላይ ታውቃታለች። የምትጠብቃቸው አዛውንት በተንሸራተቱ ቁጥር ለልጃቸው በስልክ የምትነግረው በእንግሊዝኛ "ወደቁ" ብላ ነው። ቃሏ ከአፌ ስትወጣ ሰማች። ፊቷን ወደ እኔ መለሰች። የሚያናድድ ነገር የተሠራባት ሰው አትመስልም ነበር። የሆነ ሩቅ ነገር እንደምታይ ዓይኗን አጥብባ አየችኝ፤ ከዚያ ፎጣውን አስተካከለች።  ፖሊሶቹ ካርድ ሰጥተዋት ሄዱ።

ከዓመታት በኋላ "ለምን ራስሽ አልተናገርሽም?" አልኳት።

"ፖሊስ ፊት አንተን ውሸታም ላድርግህ?" አለች።

አባቴ በዚያው ሰዓት አይስክሬም ሊገዛልኝ ይዞኝ ወጣ። "የኔ አንበሳ" እያለ ጀርባዬን መታ መታ አደረገኝ። ከዚያ በኋላ ለዘጠኝ ቀን ውሃ አልተከፈተም። ሠርቷል፣ አልኩ በልቤ።

ዐሥረኛው ቀን እሑድ ነበር። ከአምልኮ በኋላ ጋሼ ለይኩን ሰላማችንን ሊባርኩ ቤታችን ምሳ ተጋበዙ። ጫማቸው በር ላይ ነው፤ አፍንጫው ወደ ውጭ። እናቴ ሰሐኑን ጠረጴዛው ላይ እያስቀመጠች ሳለ አባቴ ከደረት ኪሱ አንዲት ካርድ አውጥቶ ሰሐኑ አጠገብ አኖረ። የእናቴ ፎቶ ነበረባት።

"ጋሼ ይዩልኝ" አለ በለሆሳስ። "በፖስታ መጣች። ወርቅውሃ፣ ይሄ ምንድን ነው?"

"መንጃ ፈቃድ ነው።"

"መቼ ተማርሽ?"

"ከሥራ ስወጣ።"

"ማነው የፈቀደልሽ?"

እናቴ ካርዷን አየቻት። "መንግሥት" አለች።

በጥፊ መታት። ያለ ውሃ ድምፅ ስሰማው የመጀመሪያዬ ነበር። እንዴት ያለ ደረቅ ድምፅ ነው! ያ ሁሉ ጊዜ ከውሃው ሥር የነበረው ይህ መሆኑን ያኔ፣ በዚያች ቅጽበት፣ አወቅሁ። ፀጉሯን ጨብጦ ፊቷን ከጠረጴዛው ጠርዝ ጋር አላተመው። ሰሐኖቹ ወደቁ። ጋሼ ተነሡ፤ "ግሩም! ግሩም፣ በጌታ ስም!" ብለው እጃቸውን ዘርግተው ገቡ። አባቴ ሳያያቸው በክርኑ ደረታቸውን መታቸው። መሬት ላይ ተቀመጡ፤ መነጽራቸው ከእግራቸው ሥር ተሰባበረ። እናቴ ወድቃለች። በጫማው ሆዷን መታት። ደግሞ መታት። እነዚያ የተቀቡ ጣቶች አንገቷ ላይ ሄዱ።

እኔ መሐል ገባሁ። እንደተማርኩት፣ ክንዴን ግራና ቀኝ ዘርግቼ። አንድ እጄ የእናቴን ልብስ ያዘ፤ አንዱ የአባቴን ሱሪ። ቀጣዩ ምት የደረሰው እኔ ላይ ነው። አንገቴ ሥር ያለው አጥንት ደረቅ እንጨት ሆኖ ቋ ሲል ሰማሁት። አልለቀቅኩም። የሚያጨበጭብ አልነበረም። አሮጊቷ ከሥራችን ሆና ጣሪያዋን በመጥረጊያ እጀታ ትደበድባለች፤ ቆይታ ተወች፤ ወደ ስልኩ መሄዷ ነበር።

አባቴ ደክሞት ሶፋው ላይ ተቀመጠ። ፖሊሶቹ ሲገቡ ፊቱን በሁለት እጁ ሸፍኖ ነው ያገኙት። ያ የሕፃን ፊት ያለው ፖሊስ ነበር። የተሰበረ ትከሻዬን አይቶ አምቡላንስ ጠራ፤ ከዚያ ፊቴ ተንበረከከ። ዛሬ ስልክ አላወጣም።

"ዛሬስ ምን ሆነ?"

ጋሼ ለይኩንን አየኋቸው። መሬት ላይ እንደተቀመጡ ናቸው፤ መስታወት የሌለው መነጽር በጣታቸው ይዘዋል። ምን እንድል እንደሚፈልጉ ከፊታቸው ፈለግሁ። የአባቴ ትንፋሽ ከሶፋው ይሰማኛል። አፌን ከፈትኩ። ቃሏ ዝግጁ ነበረች።

"ጳውሎስ።" እናቴ ነበረች። በክርኗ እየተሳበች መጣች። ጥርሷ ቀይ ነው። "ወደ እኔ እይ። ወደ ጋሼ አትይ። አንተ መካከለኛ አይደለህም። ትሰማኛለህ? መካከለኛ አንድ ነው፤ እሱም ሥራውን ጨርሷል። ሌላ ሰው ይሰቀልልኝ አላለም። አንተ ልጄ ነህ። ና፣ ከመሐል ውጣ። ያየኸውን ብቻ ንገረው።"

ሱሪውን ይዤ እንደነበር ያወቅሁት ያኔ ነው። አባቴ ሲሄድ ከሱሪው ተቀድዶ እጄ ላይ የቀረ ቁራጭ ጨርቅ ጨምድጄ ነበር። ለቀቅሁት። ወደ እናቴ ተጠጋሁ።

ነገርኩት። ጠረጴዛውን፣ ጫማውን፣ ጣቶቹን። ከዚያ ሳይጠይቀኝ ውሃውን ነገርኩት፤ ቀጭ የሚለውን በር፣ የበሰለውን ዓይን፣ ሐሙስ ዕለት እናቴ ያለችውን ቃል በቃል፤ አንድም ሳላስቀር ሁሉንም አስታውስ ነበር። እንግሊዝኛም ረጅም ሆነ። ፖሊሱ ጻፈ፣ ገጽ ገለበጠ፣ ጻፈ።

"እሳቸውስ?" አለ ወደ ጋሼ እየጠቆመ። "አይተዋል?"

"ጋሼ፣ አይተዋል ወይ ይልዎታል።"

ጋሼ ባዶውን መነጽር መሬት ላይ አኖሩ። የሚቆጡኝ መሰለኝ፤ ትእዛዛቸውን አፍርሻለሁ። እንደ እርሳቸው አላለዘብኩም።

"ሁሉንም አይቻለሁ በለው" አሉ። "ዛሬ ብቻ አይደለም በለው።"

ሳልጨምር፣ ሳልቀንስ አደረስኩ።

የአባቴን እጆች ወደ ኋላ አስረው ወሰዱት። በደረጃው ሲወርድ ጣቶቹ ከጀርባው ይንቀሳቀሱ ነበር፤ የማይሰማ ነገር እንደሚጫወቱ። እናቴ አላየችም። መንጃ ፈቃዷን ከተሰበረው ሰሐን መሐል አንስታ በቀሚሷ ጫፍ እየወለወለች ነበር።

ጋሼ ለይኩን ግድግዳውን ተደግፈው ተነሡ። ኮታቸውን ቆለፉ። እኔንም እናቴንም አላዩንም። በሩ ጋ ሲደርሱ ጎንበስ የሚሉ መሰለኝ፤ አላሉም። ጫማቸውን ተራምደውት አለፉ።

"ጋሼ! ጫማዎን!" አለች እናቴ።

ዞር አላሉም። በረንዳ ላይ ወጥቼ አየኋቸው። ፓርክ ያደረጉትን መኪናቸውን አለፉት። በጥቁር ካልሲ፣ እንቁላል በሚጠብሰው የፒኮ አስፋልት ላይ፣ ሳይቸኩሉ ተሻገሩ። የአምቡላንሱ ሳይረን ከሩቅ መሰማት ሲጀምር ጥግ ታጥፈው ሄደው ነበር፤ ጫማቸው በራችን ላይ አፍንጫው ወደ ውጭ እንደዞረ ቀረ።